ስለ ሽኮኮ፤ ተፈጥሮው፣ አኗኗሩና ከሰው ጋር ያለው ጉርብትና

ስለ አገራችን አራዊት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ናቸው። እነዚህ በሌላ አገር የማይገኙ በመሆናቸው ከፍ ያለ ግምት ቢሰጣቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በየገደሉ አፋፍና በየቋጥኙ ሥር የሚኖር፣ እረኛ ሁሉ የሚያውቀው፣ የተማረው ሰው ግን እምብዛም የማያስበው አንድ ትንሽ እንስሳ አለ፤ እርሱም ሽኮኮ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሽኮኮ ሲያዩት ጥንቸል ወይም ትልቅ አይጥ ቢመስልም በዘርም በጠባይም ከሁለቱ የራቀ በመሆኑ፣ ተፈጥሮው ሊጠና የሚገባው ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን በደጋው አገራችን የብዙ ሰው ፊት የሚያበላሸው ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ ከዚህ እንስሳ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው። የሽኮኮን አኗኗር ያላወቀ ሰው በሽታው ከወዴት እንደሚመጣ አያውቅም፤ ከወዴት እንደሚመጣ ያላወቀም እንዴት እንደሚጠነቀቅ አያውቅም።

ስሙና ታሪኩ

ይህ እንስሳ በአማርኛ ሽኮኮ፣ በግዕዝ ግሔ፣ በኦሮምኛ ኦሶሌ ይባላል። በምሥራቅ ወለጋ በኑኑ ቁምባ በኩል ያደግን ልጆች መጀመሪያ ያወቅነው በመጽሐፍ ሳይሆን ከብት ስንጠብቅ ነው። በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቅዱስን ስንማር ግን ይኸው የገደላችን ነዋሪ በአራት ስፍራ ተጠቅሶ አገኘነው። በኦሪት ዘሌዋውያንና በኦሪት ዘዳግም ከማይበሉት እንስሳት ጋር ተቈጥሯል፤ በመዝሙረ ዳዊት ከዓለት ጋር ተያይዞ ተነሥቷል፤ በመጽሐፈ ምሳሌም በምድር ላይ ትንሽ ሆነው ጥበብ ካላቸው ከአራቱ ፍጥረቶች አንዱ ሆኗል።

ወደ አውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የአማርኛ ስሙን ይዞ የደረሰው በጎንደር ዘመን ነው። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን ቆይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ «አሽኮኮ» ብሎ ጽፎለታል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ብሩስ እንስሳውን ያየው እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ካሠሩት ከቁስቋም ቤተ መንግሥት በስተኋላ ባለው ተራራ፣ በትልልቅ ድንጋዮች ሥር ነበር። ስሙንም «እሾህ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው ይላል፤ ምክንያቱም በሽኮኮ ጀርባ ላይ ከሌላው ጠጕር ረዝመው የሚወጡ ጭገሮች እሾህ ስለሚመስሉ ነው። የቃሉ አመጣጥ ለቋንቋ ሊቃውንት የሚተው ቢሆንም፣ ብሩስ ያስተዋላቸው ረጃጅም ጭገሮች በእርግጥ አሉ። ሥራቸውም እንደ ድመት ጺም ነው፤ ሽኮኮው በጨለማ ስንጥቅ ውስጥ ሲሄድ ግድግዳውን በእነርሱ እየዳሰሰ መንገዱን ያውቃል።

በኢትዮጵያ ሁለት ዐይነት ሽኮኮ ይገኛል። አንደኛው በብዛት የሚታወቀው የዓለት ሽኮኮ ሲሆን፣ የአገራችንን ዘር በ1828 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ጀርመናውያኑ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ «የሐበሻ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ሁለተኛው በመጠን ትንሽ ያነሰው የቍጥቋጦ ሽኮኮ ነው፤ ይህም በ1868 በጄምስ ብሩስ ስም ተሰይሟል። የመጀመሪያው ይልቁንም ሣር ይግጣል፤ ሁለተኛው ይልቁንም ቅጠል ይበላል። በምግብ ስለማይሻሙ ሁለቱ በአንድ ቋጥኝ አብረው ሲኖሩ፣ ሌሊቱንም በአንድ ጉድጓድ ሲያድሩ በታንዛኒያ በሰሬንጌቲ በተደረገ ጥናት ታይቷል።

ዘመዶቹ እነማን ናቸው?

ሽኮኮ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቁመቱ ከግማሽ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ጅራቱ በውጭ አይታይም። ይህን መልክ አይቶ ከጥንቸል ጋር የሚቈጥረው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የእንስሳት ጥናት ሊቃውንት አጥንቱን፣ ጥርሱን፣ በኋላም ደሙንና የዘር ውርሱን መርምረው የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና የባሕር ላም የተባለችው አጥቢ እንስሳ መሆናቸውን ደርሰውበታል።

ይህ ለሰሚው የሚያስቅ ቢመስልም ምልክቱ በአካሉ ላይ ይታያል። የዝሆን ትልልቅ ጥርሶች በቅለው የሚወጡት ከፊት ጥርስ ስፍራ ነው፤ የሽኮኮም ሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶች እንዲሁ ዕድሜውን ሙሉ እያደጉ ይወጣሉ። የእግሩ ጣቶች እንደ ድመት ሹል ጥፍር የላቸውም፤ እንደ ዝሆን ጣት ጠፍጣፋ የሆነ ሰኮና መሰል ጥፍር አላቸው። ከኋላ እግሩ ውስጠኛ ጣት ላይ ብቻ ጠጕሩን የሚያበጥርበት አንድ ቈልማማ ጥፍር ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው እርግዝናው ነው። ጥንቸል በአንድ ወር፣ በግ በአምስት ወር ትወልዳለች፤ ከበግ እጅግ የምታንሰው ሽኮኮ ግን ከሰባት ወር በላይ ታረግዛለች። እንዲህ ያለ ረጅም እርግዝና ከትልልቅ እንስሳት ወገን የወረሰችው ይመስላል።

የጥንት ሽኮኮዎችም በእርግጥ ትልልቆች ነበሩ። በጭልጋ፣ ከጎንደር በስተምዕራብ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል ባስቈጠረ የድንጋይ ንብርብር ውስጥ የተገኙና በ2003 የታተሙ ቅሪቶች በዚያ ዘመን ልዩ ልዩ ዐይነት ሽኮኮዎች ከጥንት የዝሆን ዘሮች ጋር በአንድ ሜዳ ይኖሩ እንደ ነበር ያስረዳሉ። በአፍሪካ ከጠፉት የሽኮኮ ዘሮች አንዳንዶቹ ከፈረስ የማያንሱ ነበሩ። በኋላ ሣር በላተኞቹ የቀንድ ከብት ወገኖች ሜዳውን ሲወርሱት የሽኮኮ ወገን እየመነመነ ሄደ። ዛሬ በሕይወት የቀሩት ትንንሾቹ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት ከብት በማይደርስበት በዓለቱ ስንጥቅ ነው። እንግዲህ ዓለቱ ለሽኮኮ መጠለያ ብቻ ሳይሆን ዘሩን ከጥፋት ያተረፈለት ነው ለማለት ይቻላል።

አካሉ ለዓለት እንዴት ተሰማማ?

ሽኮኮ በቀጥ ያለ ገደል ላይ ሲሮጥ ያየ ሰው እግሩ ላይ ሙጫ ያለ ይመስለዋል። የውስጥ እግሩ ጠጕር የሌለው፣ እንደ ጎማ የለሰለሰ ሥጋ ነው፤ በላዩም ዘወትር የሚያረጥቡት የላብ ዕጢዎች አሉ። ይህ ለስላሳና እርጥብ ሥጋ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል።

የሰውነቱን ሙቀት ጠብቆ ማቆየት ግን እንደ ሌሎች አጥቢ እንስሳት አይሆንለትም። ሰውነቱ ለመጠኑ ከሚጠበቀው ያነሰ ሙቀት ስለሚያመርት ሌሊቱን እርስ በርሱ ተቃቅፎና ተደራርቦ ያድራል። ጧት ፀሐይ ስትወጣ ከስንጥቁ ወጥቶ በድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል፤ ቀትር ሲሆንና ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ወደ ጥላው ይመለሳል። ብርድና ዝናብ በበዛበት ቀን ብዙውን ጊዜ አይወጣም። ከቀኑ አብዛኛውን በዕረፍት የሚያሳልፈውም በስንፍና ሳይሆን ጕልበት ለመቈጠብ ነው።

ለግጦሽ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ጧትና ማታ ፈጠን ብሎ በልቶ ይመለሳል። የፊት ጥርሱ ለመግጨጥ ስለማይመች ራሱን ወደ ጎን አዘንብሎ በመንጋጋው ይቈርጣል። በኅብረት ሲበሉ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው በክብ ይቆማሉ፤ አንዱም ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ጠባቂው ድምፅ ሲያሰማ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ስንጥቁ ውስጥ ይገባሉ።

በኦሪት ሽኮኮ ያመሰኳል ስለ ተባለው ብዙ ተከራክረዋል። ጄምስ ብሩስም አንድ ሽኮኮ በሕይወት ይዞ ያቆየው በተለይ ይህን ለማወቅ ነበር፤ ያመሰኳልም ብሎ ጽፏል። የኋላ ዘመን ምርመራ እንደሚያሳየው ግን ሆዱ እንደ ላምና እንደ በግ በአራት የተከፈለ አይደለም፤ ሣሩን የሚያበስለው በሰፋፊ ዕውር አንጀቶቹ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ርዳታ ነው። ሆኖም ዐርፎ ሳለ መንጋጋውን እንደሚያመሰኳ ከብት ያንቀሳቅሳል። እንግዲህ የጥንቱም ተመልካች፣ ብሩስም በዓይናቸው ያዩትን ተናገሩ፤ ሆዱን ከፍቶ ማየት ሌላ ሥራ ነው።

ሽኮኮ ውኃ ሳይጠጣ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ኵላሊቱ ውኃን ስለሚቈጥብ ሽንቱ እጅግ የወፈረ ነው። መንጋው ሁሉ የሚሸናው በተወሰነ ስፍራ በመሆኑ በሽንቱ ያለው የኖራ ዘር በድንጋዩ ላይ ደርቆ ነጭ መስመር ይሠራል። እረኛ «እዚህ ሽኮኮ አለ» የሚለው ይህን ነጭ ምልክትና በአጠገቡ የተከመረውን በጠጥ አይቶ ነው። አንባቢው ይህን ምልክት ልብ እንዲለው እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቤተሰቡና ጠላቶቹ

የአንድ ቋጥኝ ነዋሪዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ጐልማሳ ወንድ፣ በርከት ያሉ ሴቶችና ግልገሎቻቸው ናቸው። ወንዱ ስፍራውን በጩኸት ያስከብራል። እናቲቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ትወልዳለች፤ ግልገሎቹ ዓይናቸው ተከፍቶ፣ ጠጕራቸው ሞልቶ ይወለዳሉ፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ ሣር መቅመስ ይጀምራሉ። ለመውለድ የሚደርሱት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ በተወለዱበት ቋጥኝ ሲቀሩ፣ ወንዶቹ ግን ሲጐለምሱ ተባርረው ሌላ ዓለት ፍለጋ ይሄዳሉ።

ጠላቶቹ ነብር፣ ትልልቅ እባብና ንስር ናቸው። ከሁሉ የበረታበት ጥቁር ንስር ነው፤ ይህ ወፍ ከሚበላው አብዛኛው ሽኮኮ ነው። ንስሩ ከፀሐይ አቅጣጫ ሲመጣ ለማየት እንዲችል በሽኮኮ ዓይን ውስጥ ብርሃኑን የሚጋርድ ትንሽ መጋረጃ መሰል ሥጋ አለ። ስለዚህ ሽኮኮ ዓይኑን ሳይጨፍን ወደ ፀሐይ ሊመለከት ይችላል።

ሽኮኮና ቁንጭር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደርሰናል። ቁንጭር አብዛኛውን ጊዜ በፊት ላይ፣ በአፍንጫ፣ በጕንጭ ወይም በጆሮ ላይ የሚወጣ፣ ቀስ እያለ የሚሰፋ ቍስል ነው። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይድናል፤ ነገር ግን ለመዳን ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ሲድንም ጠባሳ ይተዋል። አንዳንድ ጊዜ ወደ አፍንጫና ወደ ከንፈር ዘልቆ ሥጋውን ይበላል። አንዳንድ ጊዜም በመላው ቆዳ ላይ እየተሰራጨ የሥጋ ደዌን ስለሚመስል በስሕተት የሥጋ ደዌ ተብሎ የታከመ ሕመምተኛ አለ። በአገራችን በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 የሚደርስ ሰው በቁንጭር እንደሚያዝ ይገመታል። አካልን ካበላሸው ጠባሳ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚከብደው በልጃገረድና በወጣት ላይ የሚያስከትለው ኀፍረትና መገለል ነው።

የበሽታው መኖር በኢትዮጵያ የተመዘገበው በ1913 ቢሆንም፣ ምንጩ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን አልፏል። በ1969 ዶክተር አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው በደጋው የቁንጭር አካሄድ ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። እኒህ ሰው የእንዶድን ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል ያገኙት ሊቅ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1973 ደግሞ አሽፎርድና ባልደረቦቹ የበሽታው ተሐዋሲ በሽኮኮ አካል ውስጥ እንደሚኖር አስረዱ። በዚያው ዓመትም ይህ ሌሽማንያ የተባለ ተሐዋሲ ከሌላው አገር ዘር የተለየ ሆኖ ስለ ተገኘ በኢትዮጵያ ስም ተሰየመ። ጥናቱ ከተደረገባቸው ስፍራዎች ሁለቱ በወሎ ኩታበርና በጋሞ ኦቾሎ ናቸው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ተሐዋሲው በሽኮኮ ቆዳ ውስጥ ይኖራል፤ ሽኮኮውን ግን እምብዛም አያሳምመውም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ የሚሆን፣ ሲበር ድምፅ የማያሰማ ነፍሳት ነው። የምትናከሰው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ የምትናከሰውም በሌሊት ነው። ቀኑን የምትውለው ነፋስ በማይገባበት፣ ጥቂት እርጥበት ባለበት ጨለማ ስፍራ ነው። የሽኮኮ ስንጥቅ ለዚህ ፍጹም የተመቸ ነው፤ በሌሊት ተደራርበው የሚተኙት ሽኮኮዎች ደም ይሰጧታል። ከእነዚህ ደም የጠጣች ዝንብ በሌላ ሌሊት በአጠገብ ያለ ቤት ገብታ የተኛ ልጅ ጕንጭ ብትነክስ ተሐዋሲውን ታስተላልፋለች። እንግዲህ ሽኮኮን በማየትም ሆነ በመንካት ቁንጭር አይያዝም፤ የሚያገናኛቸው ዝንቧ ናት።

ዝንቧ ደካማ በራሪ ስለሆነች ሩቅ አትሄድም። ከዚህ የተነሣ ቁንጭር በአንድ መንደር ውስጥ እንኳ እኩል አይሰራጭም፤ ገደል ሥር ያለው ቤት ሲጠቃ ሜዳ ላይ ያለው ሊተርፍ ይችላል። የኦቾሎ መንደር የተሠራው በዓለታማ ኮረብታ ላይ፣ ቤቶቹ ከቋጥኙ ጋር ተቀላቅለው ስለሆነ ብዙ ልጆች በዚያ ይያዛሉ። በሽታው የሚገኘው በአብዛኛው ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ነው። ከነቀምት ከተማ ጀምሮ ብዙው የወለጋ ደጋና ወይና ደጋ በዚህ ከፍታ ውስጥ ያለ በመሆኑ፣ የኑኑ ቁምባም ሆነ የሌላው ወረዳ የገደል ሥር ነዋሪ ነገሩ አይመለከተኝም ሊል አይገባውም።

ምን ማድረግ ይገባል?

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሽኮኮን ማጥፋት ነው። እኛ ግን ከላይ የገለጽነውን የእንስሳውን ጠባይ ተመልክተን ይህ ብቻውን እንደማይበጅ እናምናለን። አንደኛ፣ አንድ ቋጥኝ ባዶ ቢደረግ ከሌላ ዓለት የተባረሩ ጐልማሶች መጥተው ይሰፍሩበታል። ሁለተኛ፣ ነብርና ንስር የሚበሉትን ሲያጡ ዓይናቸውን በፍየልና በግልገል ላይ መጣላቸው የሚያስፈራ ነው። ሦስተኛ፣ ሽኮኮው ቢሄድ ዝንቧ ወዲያው አብራ አትሄድም፤ ደም ፍለጋ ወደ ሰው እንዳትመጣ ምን ዋስትና አለ?

ሽኮኮ ከዓለት ተለይቶ መኖር አይችልም፤ አካሉም ታሪኩም ከዓለቱ ጋር አስሮታል። ሰው ግን የሚተኛበትን ስፍራ መምረጥ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ጎጆ የሚወጣ ሰው ነጭ የሽንት መስመርና በጠጥ ከሚታይበት ገደል ርቆ ቢሠራ፣ እረኞችም በዋሻና በቋጥኝ ሥር ባያድሩ ትልቅ ጥንቃቄ ነው። ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ በቤት አጠገብ መከመርም አይገባም። በእስራኤል አገር ከግንባታ የተረፈ የድንጋይ ክምር ሽኮኮዎችን ወደ ሰፈር አቅርቦ ይህንኑ የመሰለ በሽታ እንዳመጣ ታውቋል። ስፍራውን መለወጥ ላልቻለ ደግሞ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይረዳዋል፤ ተራው አጎበር ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ዝንቧ ታልፈዋለች።

ቁንጭር የያዘው ሰው ቍስሉን በብረት ከመተኮስ ይልቅ ወደ ሐኪም ቢሄድ ይሻለዋል፤ መተኮስ በጠባሳ ላይ ጠባሳ ይጨምራል እንጂ። በሽታው መድኃኒት አለው፤ በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታልን በመሰለ ስፍራም ሕክምና ይሰጥበታል።

ሆኖም በገደል ሥር ቤት የሠራውን ገበሬ ባለማወቁ መውቀስ ፍርድ አይደለም። ሜዳው ለእርሻ ተይዞበት፣ መሬት አጥሮት ወደ ድንጋዩ የተጠጋ ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩን የማስረዳት ግዴታ የሚወድቀው በተማርነው ላይ ነው። በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ በአካባቢያችን ሽኮኮ ያለባቸው ቋጥኞች የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ስንት ቤት እንዳለ፣ ከነዚያም ቤቶች ውስጥ በፊታቸው ላይ የቁንጭር ቍስል ወይም ጠባሳ ያለባቸው ስንት እንደ ሆኑ ጠይቀን ብንጽፍ፣ ለጤና ሠራተኛው የሚጠቅም ካርታ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ሽማግሌን በትሕትና መጠየቅ ብቻ ነው።